የፍቅር መጽሐፍ ስናነብ የምንፈርደው በማን ላይ ነው?

ስለ አንድ የፍቅር ልብ ወለድ ወሬ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሁለት ተቃራኒ ፍርዶች ይሰማሉ። አንዱ ወገን «ትዳር ያፈርሳል፣ ልጅ ያበላሻል» ይላል። ሌላው ወገን ከዚያው መጽሐፍ ስለ ኑሮ ብዙ እንደተማረ ይናገራል። ሁለቱም ያነበቡት አንድ ታሪክ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ ሳሎን ድረስ ገብቷል። መጽሐፉን ገልጦ የማያውቅ ሰው እንኳ ስለ ሰብለወንጌል ዕድልና ስለ ፊታውራሪ መሸሻ ግትርነት የሚለው አያጣም።

ጅማ ውስጥም እንዲሁ ነው። ቡና ሲፈላ፣ በዩኒቨርሲቲው ዶርም፣ ሱቅ ውስጥ ስልክ ላይ ትረካ ተከፍቶ ሲደመጥ፣ የፍቅርና የቤተሰብ ልብ ወለድ ይነሣል። ግን ክርክሩ ቶሎ ይደፈርሳል። ሰዎቹ ስለ አንድ መጽሐፍ እያወሩ የተለያየ ጥያቄ ስለሚመልሱ ነው። ጥያቄዎቹን መለየት፣ ከየት እንደመጡ ማየትና ወዴት እየወሰዱን እንደሆነ መገመት ይጠቅማል።

ሁለት ጥያቄ፣ አንድ ጭቅጭቅ

ሮማንስ የሚባለው የልብ ወለድ ዘውግ ዋና ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ፍቅር ነው። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው «ይገናኙ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ነው። በምዕራባውያን የኅትመት ገበያ ሮማንስ ተብሎ የሚሸጥ መጽሐፍ መጨረሻው ደስታ መሆን አለበት፤ አንባቢው ይህን አውቆ ነው የሚገዛው። የአማርኛ አንባቢ ግን «የፍቅር መጽሐፍ» ሲል እንዲህ ያለ ውል የለውም። መጨረሻው ሞት ቢሆንም የፍቅር መጽሐፍ ነው።

የቤተሰብ ልብ ወለድ የሚባለው ደግሞ በወላጅና በልጅ፣ በባልና ሚስት፣ በአማት፣ በውርስ ዙሪያ የሚሽከረከረው ነው። እኛ ዘንድ ሁለቱን መነጠል ይከብዳል። የሁለት ወጣቶች ፍቅር ሲተረክ ከኋላቸው እናት፣ አባት፣ አጎትና ሽማግሌ አሉ። እነሱ የሌሉበት የፍቅር ታሪክ ለአብዛኛው አንባቢ የጎደለ ይመስለዋል።

አንባቢዎች ስለነዚህ መጻሕፍት ሲያወሩ ሁለት ጥያቄ ይደባለቃል። አንደኛው መጽሐፉ በደንብ ተሠርቷል ወይ የሚል ነው። ሴራው፣ ማለትም አንዱ ድርጊት ሌላውን የሚወልድበት ሰንሰለት፣ ያሳምናል? ገጸ ባሕርያቱ ሰው ይመስላሉ? ቋንቋው ይጥማል? ሁለተኛው ግን ሰውየው ወይም ሴትየዋ ያደረጉት ትክክል ነበር ወይ የሚል ነው። ጥላው መሄድ ነበረባት? የአባቱን ቃል መጣስ ነበረበት? ይቅር ማለት ነበረባት?

አብዛኛው አንባቢ የሚመልሰው ሁለተኛውን ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህን እንደ አላዋቂ ንባብ ያዩታል። ልብ ወለድ በልብ ወለድነቱ ይመዘን እንጂ እንደ ጎረቤት ወሬ አይታይ ይላሉ። ቁም ነገር አላቸው። ቢሆንም በዚህ ንቀት አልስማማም። ሰው የገዛ አማቱን ነገር ቡና ላይ አያነሣም፤ ገመና ነው። የመጽሐፏን አማት ግን ያነሣል። ጎረቤቷም ስለ መጽሐፏ አማት ትመልሳለች። ሁለቱም የሚያወሩትን ያውቃሉ፣ ማንም ግን ማንንም አላጋለጠም። አንዲት እናት ልጇ እየሰማች «ያቺ ሚስት ትንሽ ብትታገሥ ምን ነበረበት?» ስትል ስለ ደራሲው ችሎታ እየፈረደች አይደለም።

ጭቅጭቁ የማያልቀውም ለዚህ ነው። አንዱ «ሴራው ደካማ ነው» ሲል ሌላዋ «እሷ ግን እውነት ነበራት» ትላለች። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ግን እየተመላለሱ አይደለም።

«ምን ያስተምራል?» ከየት መጣ

በሥነ ምግባር መመዘን የአንባቢው ብቻ ልማድ አይደለም። የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ሲጀመር እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ታትሞ ወጣ፤ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ይበልጥ ታወቀ። ታሪኩ የሚቋጨው በጋብቻ ነው። አረማዊው ንጉሥ ክርስትናን ተቀብሎ ጦቢያን ያገባል። በሃይማኖት የተለያዩ ሁለት ሰዎች መሃል ያለውን ጥያቄ ያ መጽሐፍ የፈታው አንዱ ወገን ወደ ሌላው ሃይማኖት እንዲገባ በማድረግ ነው። ይህ ነጥብ ወደ ጅማ ስንመጣ ይጠቅመናል።

ከዚያ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ የሚተርክ መጽሐፍ አወጡ። ያለ ዕድሜ ጋብቻን የሚነቅፍ ነው። ጸሐፊው ስለ ትዳር ሊያስተምሩ እንደተነሡ አይደብቁም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከነዚያ እጅግ የላቀ የጥበብ ሥራ ነው። ሆኖም እሱም በፍቅሩ ውስጥ የዘር ኩራትን፣ የባላባትን አገዛዝና የወላጅን ሥልጣን ይሞግታል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችለውም ሰማው፤ ከሰማውም ጋር አብሮ ተከራከረ።

ትምህርት ቤትም ይህን አጠናከረው። ተማሪ ስለ አንድ ድርሰት በቅድሚያ የሚጠየቀው ጭብጡን፣ ማለትም ዋና መልእክቱን ነው። እንዲህ ተምሮ ያደገ አንባቢ «ምን ያስተምራል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚገርም አይደለም።

ሕጉ ተቀየረ፣ ቤት ግን ገና ይከራከራል

ፍርዱ እንዲህ የሚለያየው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የቤተሰብ ሥርዓቱ ራሱ በአንድ ዕድሜ ውስጥ መቀየሩ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይል ነበር። የጋብቻ ዕድሜውም ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ለወጠው። ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ። ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል ሆኑ። በስምምነት መፋታትም ተፈቀደ። የፌዴራሉ ሕግ የሚሠራው በፌዴራል ከተሞች ስለሆነ ኦሮሚያ የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል፤ ጅማ የምትዳኘውም በዚያ ነው።

አሁን አንድ ሳሎን ውስጥ ሦስት ትውልድ ተቀምጦ አንድ ትረካ ሲያዳምጥ እናስብ። ታሪኩ ላይ ሚስት ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። አያቷ ጋብቻን የምታውቀው የሁለት ቤተሰብ ቃል ኪዳን አድርጋ ነው፤ ለእሷ ሴትየዋ የወጣችው ከባሏ ብቻ አይደለም፣ ሽማግሌዎቹንም አዋርዳለች። እናት «ልጆቹስ?» ትላለች። ልጅቷ ደግሞ ሴትየዋ ለምን እስከዚያ እንደቆየች አይገባትም። በመሃከላቸው ያለው የጣዕም ልዩነት አይደለም። ትዳር ማለት ምን እንደሆነ፣ በማን ፈቃድ ተመሥርቶ በማን ፈቃድ እንደሚፈርስ የተማሩት የተለያየ ነገር ነው።

ጅማ ላይ የሚጎድለው

የጅማ አንባቢ ቅሬታ ለብቻው መታየት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሙስሊም፣ ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ግድግዳ ተጋርተው ይኖሩባታል። ኦሮሞ፣ አማራ፣ የም፣ ዳውሮ፣ ካፋ፣ ጉራጌ ጎረቤት ነው። አማርኛ የሚያነበው ሰው ብዙ ጊዜ አፋን ኦሮሞም ይናገራል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎችን ያኖራል።

መጽሐፉ ውስጥ ያለው ቤት ግን ብዙ ጊዜ የአዲስ አበባ ቤት ነው። አባት ነጋዴ ወይም ባለ ደመወዝ ነው። ጠቡ በቪላ ወይም በኮንዶሚኒየም ይነሣል። ቤተሰቡ የሚናገረው አንድ ቋንቋ ነው። ሃይማኖቱ አንድ ነው ወይም አይነሣም። ክፍለ አገር ማለት ዋናው ገጸ ባሕርይ ልቡ ሲሰበር የሚሸሽበት ቦታ ነው። ጅማ ስትጠራም ዝናቡና የቡናው ሽታ ይጠቀስና ታሪኩ ይመለሳል።

ችግሩ የስም መጠቀስ አይደለም። መቼት፣ ማለትም ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ ግጭቱን ራሱን ይቀይረዋል። ቡና አምራች ቤተሰብ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የለቀማ ጊዜ የዓመቱን ብዙ ነገር ይወስናል። የልጅ ትምህርት፣ ዕዳ፣ ሰርግ ከዚያ ገንዘብ ነው የሚወጣው። በገጠር ያለ የቡና መሬት ለወንድማማቾች ሲከፋፈል የሚነሣው ቅሬታ ከተማ ካለ ቤት ውርስ ጋር አይመሳሰልም። እዚህ ሁለት ወጣቶች ጋብቻቸውን ያዘገዩት አባት ክፉ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። የዚያ ዓመት የቡና ዋጋ ወርዶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን እንቅፋት የሚያውቅ አንባቢ በየመጽሐፉ ጨካኝ አባት ሲያጋጥመው «እኛ ቤት እንዲህ አይደለም» ቢል ስለ ትክክለኛ ጉድለት እየተናገረ ነው።

ፍቺም አለ። በብዙ ልብ ወለድ ፍቺ ማለት ጠበቃ፣ ፍርድ ቤትና የቤት ክፍፍል ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ግን ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ይላል። ስለዚህ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፤ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ እምቢ ካለ መደበኛው ፍርድ ቤት አለ። ከሁለቱም በፊት ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ይገባል። የትኛውን በር እናንኳኳ የሚለው ምርጫ ብቻውን የአንድ ልብ ወለድ ግማሽ ሊሆን የሚችል ግጭት ነው። ለጅማ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአማርኛ የፍቅር መጻሕፍት ግን ብዙም አይታይም።

በጣም ስሱው ጉዳይ በሃይማኖት የተለያዩ ሰዎች ፍቅር ነው። እንዲህ ያሉ ታሪኮች መውጫቸው ጠባብ ነው። ወይ አንዱ ሃይማኖቱን ይለውጣል፣ ወይ አንዱ ይሞታል፣ ወይ ሁለቱም አገር ጥለው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው መውጫ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። አንባቢዎች በዚህ ላይ ይከፈላሉ። አንዳንዶች ደራሲ ባይነካው ይሻላል፣ ሰላም ያደፈርሳል ይላሉ። ሌሎች ዝም መባሉ በዚያ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አይረዳም ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሥጋት ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ደራሲው አንዱን ቤት ከውስጥ፣ ሌላውን ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያውቀው ከሆነ የማያውቀው ቤት መሰናክል ብቻ ሆኖ ይቀርባል። የዚያኛው ቤት እናት ፍቅር የላትም፣ አባትየው ዱላ ብቻ ነው። አንባቢው ቤቱን እዚያ ውስጥ ሲያጣው መጽሐፉን ቢጥለው አይፈረድበትም።

ከወረቀት ወደ ጆሮ

የአንባቢ አስተያየት የተቀየረው መጽሐፉ የሚደርስበት መንገድ ስለተቀየረም ነው። ወረቀት ከውጭ ይገባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋ ወጥቷል፤ የኅትመት ወጪም ከዚህ አላመለጠም። ስለዚህ ብዙ ሰው ልብ ወለድ የሚያገኘው በቴሌግራም በሚዞር ፒዲኤፍ፣ በየቀኑ በክፍል በክፍል በሚለቀቅ ታሪክና በዩቲዩብ ትረካ ነው።

ለጅማ ትረካው የተለየ ጥቅም አለው። በኦሮሚያ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ነው። አማርኛን እንደ ልቡ የሚናገር ወጣት 400 ገጽ የግዕዝ ፊደል ማንበብ ሊከብደው ይችላል። ማዳመጥ ግን አይከብደውም። ትረካው ከወረቀቱ ገበያ ውጭ የነበረ አድማጭ አምጥቷል።

ዋጋም አለው። በክፍል የሚለቀቅ ታሪክ ገቢው በተመልካች ብዛት ነው። እያንዳንዱ ክፍል ልብ አንጠልጥሎ «ይቀጥላል» ማለት አለበት። አስተያየቱ በዚያው ሌሊት ይጎርፋል፤ ጸሐፊውም የነገውን ክፍል የሚጽፈው እሱን አይቶ ነው። ስለዚህ ድንገት የሚገለጥ ምስጢር፣ የጠፋ አባት፣ ተንኮለኛ አማትና የከዳ ጓደኛ ይበዛሉ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ያሰማቸው የቱርክና የሌሎች አገሮች ተከታታይ ድራማዎችም አድማጩን ይህን እንዲጠብቅ አስለምደውታል። በዚህ አካሄድ የሚጎዳው ቀስ ብሎ የሚመጣ ለውጥ ነው። 10 ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት እንዴት እየተራራቁ እንደሄዱ መተረክ ጊዜ ይፈልጋል። በየክፍሉ መጨረሻ የሚጮህ ነገር የለውም።

መጽሐፍ ትዳር ያፈርሳል?

ክሱ የቆየ ነው፣ በሌላ አገርም አለ። ጃኒስ ራድዌይ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ሴቶች ላይ ጥናት አሳትማለች። ሴቶቹ ከታሪኩ ባልተናነሰ የንባቡን ጊዜ ራሱን ይወዱት ነበር። ባልና ልጅ የማይጠራቸው፣ የራሳቸው የሆነ ጊዜ ነበር። ተመራማሪዋ ግን እዚያ ላይ አላቆመችም። መጽሐፎቹ ሴቶቹን የሚያሳርፉት ያደከማቸውን ኑሮ እንዳለ ትተው ነው የሚል ጥያቄም አንሥታለች። ለእኛም የሚጠቅመው ሁለቱን አብሮ ማየት ነው።

የተቃራኒው ወገን ውዳሴም ቢሆን በልክ መያዝ አለበት። በ2013 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ጥሩ ልብ ወለድ ጥቂት እንኳ ማንበብ የሌላውን ስሜት የመረዳት ችሎታን ከፍ ያደርጋል ብሎ ነበር። በኋላ ሙከራውን የደገሙት ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ያንን ውጤት አላገኙም። መጽሐፍ ትዳር ያፈርሳል ማለትም፣ መጽሐፍ ሰውን ወዲያው ያርማል ማለትም ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው። የከፋው ሰው የከፋውን ሰው ታሪክ ፈልጎ ያነብ ይሆናል። ያኔ ቅሬታው ከመጽሐፉ ይቀድማል።

ከክሱ ውስጥ አንዱ ክፍል ግን እውነት አለው። ቅናትን የፍቅር ማረጋገጫ አድርገው የሚያቀርቡ ታሪኮች አሉ። ስልኳን የሚበረብር፣ «እምቢ» ስትለው የሚከታተላት፣ በጥፊ መትቶ የሚያለቅስ ወንድ «እንዴት ቢወዳት ነው!» ተብሎ ይደነቃል። ጠለፋ እንኳ እንደ ጀግንነት የሚተረክበት ጊዜ አለ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ልጅቷን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ትቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያንን ዘጋው። ቀዳዳውን ልብ ወለድ መልሶ ሲከፍተው «ይህ ፍቅር አይደለም» የሚል አንባቢ ወግ አጥባቂ መባል የለበትም። እዚህ ላይ ሁለቱ ጥያቄዎች ይገናኛሉ። ጎበዝ ደራሲ እንዲህ ያለ ሰው ሊፈጥር ይችላል፣ ሊያሳዝነንም ይችላል። ግን የሚያሳየን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ የሴትየዋም ፍርሃት ከገጹ አይጠፋም። ፍርሃቷ ከጠፋ መጽሐፉ በሥነ ምግባርም በአሠራርም ወድቋል።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው

የታተመ የፍቅር ልብ ወለድ ገዢው እያነሰ ቢሄድ አይገርምም። በነፃ የሚዞረው ፒዲኤፍ አንዱ ምክንያት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መጽሐፋቸው እስከ 2046 ዓ.ም. ባለቤት አለው። የቆየ ስለሆነ የሁሉም ነው የሚለው የብዙዎች ግምት ስሕተት ነው። የዛሬው ወጣት ደራሲ ደግሞ መጽሐፉ በወጣ ሳምንት በስልክ ሲዞር ካየ ቀጣዩን ለወረቀት አይጽፈውም። ወደ ክፍል በክፍሉና ወደ ትረካው ይሄዳል፤ እዚያ ቢያንስ ተመልካቹ ይቆጠርለታል።

ሁለት ቋንቋ የሚችለው የጅማ ወጣትም አማርኛውን ብቻ አይጠብቅም። በአፋን ኦሮሞ የሚጻፉ የፍቅርና የቤተሰብ ታሪኮች አሉለት፤ የገዛ ቤቱን እዚያ ካገኘ ወደዚያ ይሄዳል። የአማርኛ ደራሲ ይህን አንባቢ ማቆየት ከፈለገ የቡናውን መሬት፣ የሽማግሌውን ሸንጎ፣ በአንድ ማዕድ ሁለት ቋንቋ የሚነገርበትን ቤት ከውስጥ ማወቅ ይኖርበታል።

እስካሁን ይህ ቅሬታ በአብዛኛው ቡና ላይ ይቀራል። ቅሬታው ከትረካው ሥር ቢጻፍ፣ ሴትየዋ ለምን ሽማግሌ እንዳልጠራች፣ ቤተሰቡ ለምን ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዳልሄደ፣ ወንድሞቿ መሬቱን እንዴት እንደተካፈሉት ቢጠየቅ፣ ጸሐፊው የሚያነበው የነገውን ክፍል ሳይጽፍ ነው።